በአዴ ሎሚና በኦቦ ቱፋ መካከል የተቆፈረው ቦይ

ሥራ የጀመርኩት በጥር ወር፣ ወለንጪቲ አካባቢ ባለ አንድ የግብርና ጣቢያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የገጠር ቤት አያያዝ ሥልጠና ወስጄ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ግርማ በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል አንድ ጥንድ ቦቲ ጫማ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ሥራሽ ሰው ለክረምት ቤቱን እንዲያዘጋጅ ማድረግ ነው» አሉኝ።

«ክረምት ሲገባ ነው የምጀምረው?»

«ክረምት ሲገባማ ያለቀ ነገር ነው። ዛሬ ነው የምትጀምሪው።»

«ታዲያ ቦቲው?»

«እሱ ለንብረት ክፍሉ ነው። ዕቃ ያልተረከበ ሠራተኛ የተቀጠረ አይመስላቸውም።»

ፀሐይ አናት በሚበሳበት ወር ስለ ጎርፍ ማውራት ቀላል አይደለም። «አሻም» ብዬ ግቢ ስገባ ሴቶቹ «ዝናቧ መጣች» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም ሥራዬን እቀጥላለሁ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ የላሉ ሚስማሮችን አያለሁ፤ በረዶ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያፈሰው በእነሱ በኩል ነው። ማገዶው ከመሬት ከፍ ብሎ መደርደሩን አያለሁ። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱም ስለሚቆም ዱቄት አስቀድሞ እንዲፈጭ እናገራለሁ። «ብዙ ከፈጨን ይነቅዛል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ የሁለት ሳምንቱን ብቻ ፍጩ እላለሁ። በኋላ የፀሐይ ኃይል መብራት ሲመጣ ደግሞ ሰሌዳውን ከዛፍ ጥላ ማስወጣት ሥራዬ ሆነ።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ጡረታ ልወጣ ስል የገጠመኝን ነው።

አዴ ሎሚ እኩያዬ የሆነች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዶሮ ታረባለች። ጫጩቶቹን የምታሞቀው በአምፖል ነበር። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ጫጩቶቹ ያሉበት ክፍል ገባ፤ መብራትም ለቀናት ጠፋ። ከውሃው የተረፉትን ብርድ ጨረሳቸው። በሚያዝያ ሌላ ዙር ጫጩት ለመውሰድ ስትመዘገብ ሄድኩ።

«ዘንድሮም ካለቁ ቤቱን ዘግቼ አዳማ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ» አለችኝ። «የልጄ ቤት የኪራይ ናት፤ ሁለት ሆነው ሲቆሙባት እንኳ ትጠባለች። ግን ምን ላድርግ?»

ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ካለው ከኦቦ ቱፋ ግቢ ነው። ኦቦ ቱፋ ቤቱን ለማዳን ቦይ ቆፍሮ መጨረሻውን እሷ አጥር ሥር ትቶታል። እሷም ድንጋይ ደርድራ ውሃውን መለሰችበት፤ የጭድ ክምሩ በሰበሰ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

ለጫጩቶቹ ያሰብኩት የገለባ ሳጥን ነው። በጣውላ ሳጥን ዙሪያ ደረቅ ጭድ ይጠቀጠቃል፤ ከላይም በጭድ የተሞላ ከረጢት ይደረባል። ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ይሞቃሉ፤ መብራት አያስፈልግም። ደረቅ ጭድ ያለው ግን ኦቦ ቱፋ ብቻ ነበር።

«ጭድ? ለእሷ?» አለኝ። «ያንን ሁሉ አበስብሳብኝ?»

«ኦቦ ቱፋ፣ የውሃውን መንገድ ካልለካን የዘንድሮውም ይበሰብስብዎታል።»

«ለኪ እንግዲህ። ማን ያዘሽ?»

ለመለካት ሦስት ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲባጎ የታሰረባቸውን እንጨቶች ግራና ቀኝ ይይዛሉ፤ ሦስተኛው መሐል ቆሞ ሲባጎው ላይ የተንጠለጠለችውን ውሃ ልክ ያነባል። ባልደረባዬ ያን ቀን አዳማ ስብሰባ ላይ ነበር። አንዱን እንጨት ለኦቦ ቱፋ፣ ሌላውን ለአዴ ሎሚ ሰጠኋቸው።

«ብርሃኔ፣ ዝቅ ያድርግ በይው» አለችኝ አዴ ሎሚ።

«እኔ ዝቅ አድርጌያለሁ። እሷ ናት ሰማይ የሰቀለችው፤ ንገሪያት» አለ።

«እኔ የውሃ ልኳን አረፋ ነው የማየው» አልኳቸው። «መልእክት ማድረስ አልችልም።»

ዓይኔን ከአረፋዋ አልነቀልኩም።

«ወደ ግራ ሂድ እንጂ!» ብላ ጮኸች አዴ ሎሚ። «ግራህን አታውቅም?»

«የማን ግራ? የእኔ ነው ያንቺ?»

ረፋዱን እንዲህ ሲጯጯሁ አለፈ። ልኩ ያሳየን ውሃው በሁለቱ ግቢ መካከል ወርዶ ሣር ያለበት ሜዳ ላይ መበተን እንደሚችል ነው። ለዚያ ግን የኦቦ ቱፋ አጥር ወደ ውስጥ መግባት ነበረበት። እንጨቱን ተደግፎ አጥሩን ብዙ አየው።

«እኔ አጥሬን ሳስገባ እሷ ምን ታደርጋለች?»

«የደረደረችውን ድንጋይ ታነሳለች። የቦዩ መውጫ ላይ እናነጥፈዋለን፤ መሬቱ እንዳይሸረሸር።»

«ለቁፋሮው ደቦ ምሳ የሚያበላስ ማነው?»

«እኔ ነኛ» አለች አዴ ሎሚ። «ደግሞ ስትበላ እንዳላውቅህ!»

በሳምንቱ ጎረቤቱ ወጥቶ አጥሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቦዩም ተቆፈረ። ኦቦ ቱፋም ጭዱን በራሱ አህያ አመጣው።

ጫጩቶቹ በመጡ ሰሞን፣ በሐምሌ፣ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ መብራትም ሄደ። አዴ ሎሚ ጋ ስልክ ብደውል ዝግ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ሄድኩ። ውሃው በቦዩ ወርዶ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ የሁለቱም ግቢ ደህና ነው። ኦቦ ቱፋ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ያያል።

«ክዳኑን አትክፈት፤ ይበርዳቸዋል!» ትላለች አዴ ሎሚ።

«ጭዱ የእኔ አይደል? ልየው!»

ከረጢቱን በትንሹ ገለጥኩት። ጫጩቶቹ ተጠጋግተው ተኝተዋል፤ የነቁት ጮኹብኝ። ሁሉም አልተረፉም፤ አብዛኞቹ ግን አሉ። ዛሬ አድገዋል፤ አዴ ሎሚ አሁን አዳማ የምትሄደው እንቁላል ልትሸጥ ነው።

ለአዳዲስ ሠራተኞች የምለው ይህን ነው። አንድን ቤት ለክረምት ስታዘጋጁ ከግቢው የሚወጣው ውሃ ቀጥሎ ማን ቤት እንደሚገባ እዩ። ቁፋሮ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።