ብርሃን ያላየ ገብስ

ወታደሮች የያዙኝ ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እርሻ ላይ ለዋለው ወንድሜ ዳቦ በጨርቅ ቋጥሬ እየሄድኩ ነበር። «ለታጣቂ ስንቅ ታቀብያለሽ» አሉኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እንደ ማመን ቆጠሩት።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጨለማ ነበር፤ ጣሪያው ያፈስሳል። ወለሉ ላይ የተበተነው ገብስ በቅሏል፤ ቡቃያው ግን ቢጫና ቀጭን ነበር። ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ታስረዋል፤ አንዲት የስማዳ አሮጊትና አንዲት የሳይንስ መምህርት።

«ብቅል ሆኖልናል፤ ጌሾ ቢሰጡን ጠላ እንጠምቅ ነበር» አሉ አሮጊቷ እያሳላቸው።

መምህርቷ ሳቀች። «እማማ፣ ይኼ እኮ የዘሩን ምግብ እየበላ ነው የበቀለው። እሱ ሲያልቅ ይሞታል።»

«አፈሩ የት ሄዶ? እህል ምግቡን ከአፈር አይደል የሚያገኘው?»

እኔም የማስበው እንደሳቸው ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ «ዕፅዋት ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ» እያልን እንጮህ ነበር፤ እንዴት ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«ከአፈር የሚያገኘው ውሃና ጥቂት ማዕድን ነው» አለች። «ቅጠሉ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ አየር ያስገባል። ውስጡ ያለው አረንጓዴ ነገር ብርሃኑን ይይዛል፤ በዚያ ጉልበት ውሃውን ይሰነጥቅና ከአየሩ ጋር ስኳር ይሠራበታል። የፀሐይዋ ጉልበት ስኳሩ ውስጥ ይቀመጣል። ገብስ በልተን የምንበረታው በዚያ ነው።»

«እንግዲያ ፀሐይ ነዋ የምንበላው!» አሉ አሮጊቷ።

በሩ ተከፈተ። «ውጡ፣ ፀሐይ ሙቁ» አለ ጠባቂው።

እኔ አልተነሳሁም። የወር አበባዬ መጥቶ ቀሚሴን አበላሽቶት ነበር። ግቢው ደግሞ ወንድ ብቻ ነው።

«ይቺ ሙሽራ ናት እንዴ፣ አዝለን እናውጣት? እሷ ካልወጣች ማናችሁም አትወጡም!»

አሮጊቷን እርጥበቱ ደረታቸውን ይዟቸዋል። በእኔ የተነሳ ሊቀሩ ነው። ግን አልተቆጡኝም፤ ነጠላቸውን አውልቀው ወገቤ ላይ ጠመጠሙልኝ።

«ይቆሽሻል፣ እማማ።»

«ይታጠባል። ተነሺ እታለም።»

ወጣሁ። ግድግዳው ሥር ያለው ሣር ፀሐይ ላይ ነበር። መምህርቷ ባትነግረኝ ኖሮ ሥራ ፈትቶ የቆመ ይመስለኝ ነበር። ጠባቂው አጠገብ ስደርስ እግሬ ቆመ።

«ወንድሜ፣ መታጠቢያ ውሃ ይሰጠን» አልኩ።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ነጠላውን አየ። ሄዶ በጀሪካን ውሃ አመጣ።

ለቀውኝ አሁን ቤቴ ነኝ። እናቴ አንዳንዴ «መትተውሽ ነበር?» ትለኛለች። «አልመቱኝም» እላታለሁ፤ እውነቴን ነው። የቀሚሴን ነገር ግን አልነገርኳትም። ማፈር የሚገባኝ እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ ሆኖም ባስታወስኩት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።