ጣቴ የዋሸበት ቫልቭ

ልጆቹ ናቸው የያዙኝ። ትምህርት ሲዘጋ ሆሳዕና እኔ ዘንድ የሚመጡት የሴት ልጄ ልጆች፣ ጓሮ በሸራ የተሸፈነውን ቀይ ሞተር ገልጠው አዩትና «አያቴ፣ ይሄ የማን ነው? ለምን አይነዳም? ንገሪን እንጂ!» ብለው ቀሚሴን ያዙ። «የአጎታችሁ ነው፣ ተበላሽቶ ነው» ብዬ አለፍኩ። ማለፉንስ አለፍኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ሞተሩ ዝም ብሎ አልተበላሸማ! ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይህን ለባሌ ሳልነግረው ሞተ፣ ለመጋቢያችን አልነገርኩም፣ በጸሎት እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። «የማውቀውንም የማላውቀውንም በደሌን ይቅር በል» እያልኩ በደፈናው ነው የማልፈው። ዛሬ በስሙ ልጥራው። እናንተ የምታነቡት ፍረዱኝ።

አመረች እባላለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከልጆቼ ደብተር ላይ እየሰረቅሁ ነው። ቅቤ ነጋዴ ነኝ። እግሬ ቤት አይወድም፤ ዛሬ ፎንቆ፣ ነገ ሀቢቾ፣ ከዚያ ደግሞ ዶዮገና። ባሌ በሕይወት ሳለ «አንቺን ያገባሁት መንገድ ላይ ነው፣ እስከ ዛሬም ቤት አልገባሽም» ይለኝ ነበር። ይህ ሁሉ ዘመን ያስተማረው ጣቴን ነው። ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ቢያመጡልኝ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቶቼ መካከል አሽቼ አውቀዋለሁ። ጣቴ ዋሽቶኝ አያውቅም። እኔ ነኝ በጣቴ የዋሸሁት።

ልጄ ኤርሚያስ ደቡብ አፍሪካ ብዙ ዓመት ኖረ። ሱቁ ሲቃጠል ዕቃ አወጣለሁ ብሎ ገብቶ ሁለት እጁ ተቃጠለ። ተርፎ መጣልኝ። እጁም ድኗል፣ መፍቻ ይይዛል፣ ብሎን ይፈታል፤ የጣቶቹ ጫፍ ግን ስሜት የላቸውም። ትኩስ ብርጭቆ ይዞ ትኩስ መሆኑን የሚያውቀው እኛ ስንጮህ ነው። ከእሱ በኋላ አንድ የአገሩ ልጅ ከሌላ ዕቃ ጋር አስጭኖ ያን ቀይ የጣሊያን ሞተር ላከለት። አቤት ሲወርድ የተሰበሰበው ሰው! ያ ቀለም፣ ያ ዝቅ ብሎ ሊወረወር ያለ የሚመስል ነገር! ሲያስነሳው ድምፁን ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ እኔ አሮጊቷ ልቤ ዘለለ።

ችግሩ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይላል። ኤርሚያስ «ቫልቮቹ፣ የሞተሩ መተንፈሻ በሮች፣ መለካት አለባቸው» አለ። መናኸሪያ አጠገብ ያለ ባጃጅ ሠሪ ጠርቶ አሳየው። ሰውዬው ዞረው፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለና «ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር አይደለም፣ የእጅ ሰዓት ነው። እኔ ባጃጅ ነው የማውቀው» ብሎ እጁ ሳይጠቁር ታጥቦ ሄደ።

«በቃ ራሳችን እንከፍተዋለን» አለ ኤርሚያስ።

«ማን ነው ራሳችን?» አልኩት።

«እኔና አንቺ። ዓይኑና ጉልበቱ የኔ፣ ጣቱ ያንቺ።»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ከስልኩ ላይ ቪዲዮ እያሳየ አስረዳኝ። ካም በሚሉት፣ እየዞረ ክንዱን በሚገፋው ብረትና በቫልቩ ክንድ መካከል እንደ ምላጭ የሳሳ ብረት ይገባል፤ ብረቱ ላልቶ ከወደቀ ክፍተቱ በዝቷል፣ አልገባም ካለ ጠቧል፣ ቅቤ ውስጥ እንደሚሄድ ቢላ ትንሽ እየያዘ ካለፈ ግን ልክ ነው። ይህን ደግሞ ዓይን አያየውም። ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ የዚያን ሳምንት ደስታዬን! ገበያ ቀረሁ። እኔ፣ ዝናብ ያላስቀረኝ ሴትዮ፣ ለሞተር ብዬ ገበያ ቀረሁ! እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፣ የቅቤ ቅሪት እንዳይኖርበት። ጓሮ ትልልቅ የእንሰት ቅጠል አንጥፈን ቀዩን ልብሱን አወለቅንለት፣ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታን፣ የቫልቭ ክዳኖቹን አነሳን። እያንዳንዱን ብሎን እንደ አወጣጡ ቅጠሉ ላይ ደረደርኩት። ጎረቤቴ ከአጥሩ በላይ አየችንና «አመረች! ቅቤውን ትተሽ ግራሶ ልትነግጂ ነው?» ብላ ጮኸች። «አዎ፣ ግራሶ ሙዝ አይቀላቀልበትም!» አልኳት። ኤርሚያስ ከመጣ ጀምሮ ያን ያህል ሲስቅ አላየሁትም።

ውስጡንስ ብታዩት! በሌላው ሞተር ቫልቩን የሚመልሰው ሞላ ነው አለኝ። ይሄ ግን ሞላ አያምንም። አንድ ክንድ ይከፍታል፣ ሌላ ክንድ መልሶ ይዘጋል፤ ለመክፈቻው አንድ፣ ለመዝጊያው ደግሞ ሌላ! ማርሽ አስገብቶ የኋላ ጎማውን እኔ በእጄ ሳዞር፣ እነዚያ ክንዶች ቀስ ብለው ሲነሱ ሲወድቁ ሳይ፣ «ቆይ፣ አንዴ ልድገመው» እያልኩ እንደ ሕፃን አስቸገርኩት። ቫልቩ ጫፍ ላይ ለመክፈቻውም ለመዝጊያውም ቆብ የሚሏት ትንሽ ብረት አለች፤ የመዝጊያዋን ቆብ በሁለት ጣቴ ይዤ አሽከረክራለሁ፤ በትንሹ እየያዘች ከዞረች ደህና ናት። ለመክፈቻው ምላጩን አስገባለሁ። እሱ «አማ፣ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ እኔ «ይላላል»፣ «ይጠባል»፣ «ልክ ነው» እለዋለሁ። የጠበበ ሲሆን የቫልቩን ቆብ አውጥቶ፣ መስታወት ላይ በዘረጋው የአሸዋ ወረቀት ክብ ክብ እያሻሸ ያሳሳዋል። ይመልሰዋል፣ ደግሜ እለካለሁ። ስንት ጊዜ አፈረሰ፣ ስንት ጊዜ ገጠመ! ልክ ሲሆን ሁለታችንም እንጮሃለን። ልጄን የወለድኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ሳምንት ግን እንደገና ያገኘሁት መሰለኝ።

ታዲያ እንዲህ ደስ ብሎኝ ሳለ ለምን አደረግሁት?

የኋለኛው ሲሊንደር የጭስ መውጫ ቫልቭ ብቻ ሲቀረን ኤርሚያስ ስልክ ተደወለለትና ወደ አጥሩ ሄደ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አቶ ሸምሱ፣ ቅዳሜ ይምጡ፣ ይደርሳል። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ካለቀ በኋላ ነው የምነግራት» ሲል ሰማሁት።

እናንተ የሌላ አገር ሰዎች ከሆናችሁ ይህ ምንም አይመስላችሁም። እዚህ ሆሳዕና፣ እዚህ ዱራሜ ለወለደች እናት ግን ይህ ቃል ቢላ ነው። እዚህ ወጣት ከእናቱ የሚደብቀው ጉዳይ አንድ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ መንገድ። እናት የምትሰማው ልጁ ሞያሌን ካለፈ በኋላ ነው። የወንድሜ ልጅ እንዲያ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። ሸምሱ የሚባለው የዱራሜ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ መኪና አለው፣ ብዙ ሰው ያውቃል። ደላላ ነው አልኩ በልቤ። ሞተሩን ወስዶ ልጄን ሊያሻግርብኝ ነው። አልጠየቅሁም። ለምን አልጠየቅሁም? አፍ የለኝም? ገበያ መሃል ከወንድ ጋር የምከራከር ሴት፣ የገዛ ልጄን አንዲት ቃል መጠየቅ ለምን አቃተኝ? ብጠይቀው እውነቱን ይነግረኝና ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። አለመጠየቄ ነው የመጀመሪያው ጥፋቴ።

ተመልሶ መጣ። «በይ አማ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አለኝ። ቫልቩ ጥልቅ ቦታ ነው ያለው፤ እጅ ብቻ ነው የሚደርሰው፣ እሱ ምንም አያይም። ምላጩን ሰደድኩት። ጫፉ ገባና ቆመ። ገፋሁት፤ አልሄደም። ጠቧል፤ ቆቡ ገና መሳሳት ነበረበት። እኔ ደግሞ የጠበበ ቫልቭ ምን እንደሚያደርግ ከራሱ አፍ ተምሬአለሁ። ቀዝቃዛ ሳለ ሞተሩ ደህና ይነሳል፤ ሲግል ብረቱ ያብጣል፣ ቫልቩ አይገጥምም፣ ትንፋሹ ያመልጣል፣ መንገድ ላይ ይሞታል። አውቄ ነው። ሳላውቅ ያደረግሁት አንድም ነገር የለም።

«አማ፣ እንዴት ነው?»

«ልክ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጣቴ ዋሽቶ ያውቃል?»

ይህን አልኩት። እኔ እናቱ ይህን አልኩት! ያንን ስሜት የሌለው እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ጣቶቼን ሳመና ክዳኑን ገጠመ። ብሎኑን ከቅጠሉ ላይ እያነሳሁ አቀበልኩት።

ቅዳሜ አቶ ሸምሱ መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሰላም አለኝ፣ እኔ ግን ቀና ብዬ አላየሁትም። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። አይንኳኳም፣ አይንተባተብም፣ ጥርት ያለ ድምፅ! ጎረቤት ሁሉ አጨበጨበ። ክፉ ነገር ሠርቼ እያለ በድምፁ ኮራሁ፤ ይህንንም ጻፉብኝ። ሸምሱ ከኋላው ተቀመጠና በፎንቆ መንገድ ሄዱ።

በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው ጭነት መኪና ሲመጣ ቢቆምባቸውስ? ይህን ያሰብኩት ከሄዱ በኋላ ነው። ልጄ እንዳይሄድብኝ ብዬ ልገድለው ነበር?

የተመለሱት ሞተሩን እየገፉ ነው። ዳገቱ መሃል ነው የሞተው። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ከጭነት መኪና ለመሸሽ ወደ ቦይ ገብተው የኤርሚያስ ጉልበት ተልጧል። ሸምሱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ ልጄ፣ ጊዜ ያስፈልግሃል» አለውና ሄደ። እኔም በልቤ እልል አልኩ። አዎ፣ ደም የሚፈስበትን ጉልበት እያጠብኩ በልቤ እልል አልኩ!

ኤርሚያስ ግን እጁን አገላብጦ ሲያየው ቆየና «ቆቡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይሄ እጅ ካሁን በኋላ ለምንም አይሆንም» አለ። አንድ ጊዜ እንኳ «አማ፣ በደንብ ለክተሽው ነበር?» አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ! ቢጠረጥረኝ ኖሮ ወድቄ እናገር ነበር፤ ወይም ይመስለኛል። አልጠረጠረኝም። ሞተሩን ሸራ አለበሰው፣ መፍቻዎቹን ለባጃጅ ሠሪው ሰጠው። አንዲት ቃል ብናገር እጁ ይድን ነበር። እኔ ግን ቀረልኝ ብዬ ዝም አልኩ።

አልቀረልኝም። ዝናቡ ሳያልፍ ለማንም ሳይናገር ሄደ። ከሞያሌ ማዶ ነው የደወለልኝ። ዛሬ ደህና ነው፣ የሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ይሸጣል፣ በየሳምንቱ ይደውላል። ሞተር ግን ነክቶ አያውቅም። «እጄን ታውቂው የለ» ይለኛል እየሳቀ።

ስለፈራሁ ነው አልላችሁም። እናት ስለሆንኩ ነው አልላችሁም። እናትስ የልጇን እጅ ታክማለች እንጂ ትሰብራለች? ኤርሚያስ ልጄ፣ ይህን እህትህ ታነብልሃለች። ቆቡን በደንብ ነበር ያሳሳኸው፤ ትንሽ ነው የቀረው፣ ያቺን ትንሽ የደበቅሁብህ እኔ ነኝ። እጅህ ጤነኛ ነው። ይቅር በለኝ ለማለት አፌ ቢደፍርም፣ በለኝ ብዬ ግን አላስገድድህም።

ባለፈው ዶዮገና ገበያ አንዲት ሴት ቅቤዬን ስትጎበኝ ቆይታ በጣቴ ሳሽ አየችኝ። «እርስዎ የኤርሚያስ እናት አይደሉም? የሸምሱ ባለቤት ነኝ፣ ዘይነባ» አለችኝ። ባለቤቷ ያን ጊዜ ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ የተዘጋ ጋራዥ ነበረው፤ የሚሠራበት ሰው ይፈልግ ነበር። ሞተሩን ሊገዛ አልመጣም። «ራስህ ከፍተህ ራስህ ገጥመህ ፎንቆ ደርሰን ከተመለስን ጋራዡ ያንተ ነው» ብሎት ኖሯል። ኤርሚያስ የትም ሊሄድ አልነበረም። እኔን ሊያስደስተኝ ብሎ ነው የደበቀብኝ።

«እሱ ግን ብቻዬን አይደለም፣ የምትለካው እናቴ ናት ብሎት ነበር» አለች ዘይነባ። ኤርሚያስ ከቀሚሴ ላይ በክር ለክቶ ልኮላቸው ሁለት ሰማያዊ የጋራዥ ቱታ አሰፍተው ኖሯል። አንዱ የኔ ልክ ነው። ዛሬም ቤቷ አለ።