ያወጣሁትን ጭቃ መልሼ ከተትሁት

ቢቸና ውስጥ በአካፋ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይኼን የምለው እኔ ብቻ ብሆንም እውነት ነው። ትምህርቱን ፊደል ላይ ተውሁት፤ ፊደሉም እኔን ተወኝ።

ሞጣ አንዲት ልጅ ወድጄ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ "እናያለን" ብለው መለሷቸው። ደጃቸው ኩሬ አለ፤ ከላዩ የከብት በረት። እኔም ሄጄ፣ "ጌታዬ፣ ይኼን ጥቁር ጭቃ አውጥቼ ውሃውን እንደ መስታወት ላድርግልዎ?" አልኋቸው።

"ካደረግህ ልጄ ያንተ ናት። ካበላሸኸው የቢቸናን መንገድ ታውቀዋለህ።"

በበጋ ውሃው ሲጎድል እስከ ድንጋዩ ጠረግሁት። ቄጠማውንም ነቀልሁ። ጭቃውን አጥር ሥር ከመርሁት። ክረምት ገብቶ ኩሬው ሞላና ብዙም ሳይቆይ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። ሸተተ። ጥጆቹ አፋቸውን አስጠግተው ተመለሱ።

"መስታወትህ ይኼ ነው?" አሉ እናቷ። "እስቲ ፊትህን እይበት።"

ያን ቀን ጤና ጣቢያ የሚሠራ የሐረር ሰው መጣ። ያደረግሁትን ስነግረው ሳቀ።

"ከበረቱ ሽንትና እበት ታጥቦ ይወርዳል። ውስጡ ናይትሮጅን የሚሉት አለ፤ አረንጓዴው የሚወፍረው በሱ ነው። ጭቃው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ፣ ያለ አየር የሚኖሩ ነፍሳት አሉ። እነሱ ናይትሮጅኑን አየር አድርገው ይለቁታል። የምንተነፍሰውም አብዛኛው እሱው ነው። ሠራተኞቹን በአካፋ አባረርሃቸው!"

"ስንት ነበሩ?"

"ተቆጥረው አያልቁም።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ብቻዬን አሸንፌያለኋ!"

"አሁን መልሳቸው። የጭቃም አቅም ልክ አለው፤ የበረቱን ፍሳሽ በቦይ ወደ ማሳ ምራው።"

የክምሩ ውስጥ ገና እርጥብ ነበር። በቅርጫት እየተሸከምሁ መለስሁት፤ አዲስ ቄጠማም ተከልሁ፤ ቦዩንም ቆፈርሁ። ገበያተኛ ቆሞ ያየኛል።

"የቢቸና ሰው ኩሬ እንዲህ ነው የሚያጠራው?"

"አዎ፤ እናንተ ገና አልደረሳችሁበትም!" አልሁ።

ከመስቀል በኋላ አረንጓዴው ሳሳ። አንድ ጠዋት ጥጆቹ ገብተው ጠጡ። አባቷ ዳር ቆመው ከታች ቡልቅ የሚለውን አረፋ አዩ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ሠራተኞቼ ናቸው፣ ጌታዬ።"

አረፋው ሁሉ የእነሱ እንዳልሆነ የጤናው ሰው ነግሮኝ ነበር፤ ለሳቸው ግን አልነገርኋቸውም።

"በል ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ" አሉ። "አካፋህን ግን ቢቸና ትተኸው ና።"