ኢያሪኮ ስንት ታወጣለች?

ሮንጋይ ውስጥ ማማ ኞካቢ የሚባሉ ሁለት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ እሑድ እሑድ ነጭ ሻሽ አስረው የሴቶች መዘምራንን የሚመሩት ናቸው፤ በጸሎት መካከል የሚያስል ሰው ዞር ብለው ካዩት ሳሉ እዚያው ይድናል። ሁለተኛዋ ከሮንጋይ ናይሮቢ መሀል ከተማ ሰው ከሚያመላልሱት ማታቱ የሚባሉ አውቶቡሶች ሁሉ የባሰች ጯሂ መኪና ባለቤት ናቸው። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸው ራሳቸው ግን እስከ ዛሬ የተዋወቁ አይመስለኝም። በገዛ መኪናቸው ተሳፍረው አያውቁም። "ጆሮዬን ሐኪም ከልክሎኛል" ይላሉ፤ ሐኪሙም እሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በጤና ጣቢያ አዋላጅ ስለነበሩ የዚህ ከተማ ሕዝብ እኩሌታ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ የሰማው የእሳቸውን ቁጣ ነው። ባለቤታቸው ደግሞ ሬዲዮ ሲከፈት ራሳቸውን የሚያማቸው ጸጥተኛ ሰው ነበሩ። እግዚአብሔር መልካም ነው፣ ኢያሪኮ ከመምጣቷ በፊት ወሰዳቸው።

ኢያሪኮ የመኪናዋ ስም ነው። ስሙን ያወጡት ሾፌሩ ንዴግዋና ወያላው ኦዊቲ ናቸው። ማማ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ስም ነው ብለው በደስታ ፈቀዱ። ሁለቱ ግን የመረጡት በጩኸት ግንቡ የፈረሰ ሌላ ከተማ ስለማያውቁ ነው።

ከሥር ስትታይ እንደማንኛዋም የጭነት መኪና ሻንሲ ናት። ከላይ ያለውን ለመሥራት ግን ቦዲ ቤቱ ወራት ፈጅቶበታል። ጣሪያዋ ላይ መብራት ይሯሯጣል፤ በየወንበሩ ጀርባ ቴሌቪዥን አለ፤ ከኋላ መቀመጫ ሥር የሦስት ሰፈር ሰርግ የሚያደምቅ ሞንታርቦ ተቀብሯል። ጎኗ ላይ ግንብ ሲፈርስ ተስሏል። በጀርባዋ የማማ መዘምራን በሙሉ በወርቅ ቀለም፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ቆመዋል። ፓስተሩ ሥዕሉን አይተው አንድ ቃል አልተናገሩም። የቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ጣሪያ በምን ገንዘብ እንደሚሠራ የማያውቁ ሰው አይደሉም።

እኔ ኪሪንያ እባላለሁ፤ የኢንሹራንስ ወኪል ነኝ። ቢሮዬ ከሥጋ ቤት በላይ ነው፤ የተራበ ሰው ቶሎ ይፈርማል። ማማ ኞካቢ ወደ እኔ የመጡት ከኢያሪኮ በፊት የነበረቻቸው መኪና ከተቃጠለች በኋላ ነው። እሷም እንደዚሁ ያጌጠች ነበረች፤ የመብራቷ ሽቦ እሳት ፈጥሮ እሳቸው መዝሙር ሲያስጀምሩ መኪናዋ እጥበት ቦታ ላይ ነደደች። ኢንሹራንሱ መርማሪ ልኮ አመዱን ካገላበጠ በኋላ አጭር መልስ ሰጣቸው፦ "ያስመዘገቡት ባዶ አውቶቡስ ነው፤ የተቃጠለው ጭፈራ ቤት ነው።" አንድ ሺሊንግ አልከፈላቸውም። የያኔው ወኪል እኔ አልነበርኩም። ብሆን ኖሮ ይህን የምተርክላችሁ ከሌላ ከተማ ነበር።

ስለዚህ ማማ ማሉ። ኢያሪኮ ከነአምፖሏ ከነሥዕሏ በሙሉ ዋጋዋ ተገምታ በወረቀት ሳትሰፍር ከግቢ አትወጣም! የጡረታቸው ገንዘብም ከአባታቸው የወረሱት መሬትም ተሸጦ እሷ ውስጥ ገብቷል። ሌላ የሚጀምሩበት ነገር የላቸውም። ሳቄን ሁሉ እዚህ ላይ አቁሜ ልናገር፦ ይህች መኪና ደግሞ ብትቃጠልባቸው እኚህ ሴት የሚበሉት አያገኙም ነበር።

ገማቹ ሐሙስ እንደሚመጣ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ለንዴግዋና ለኦዊቲ ነገሯቸው። የኢንሹራንስ ገማች ነው፤ ጌጧን ሊያይላት ነው የሚመጣው፤ አሉ በግልጽ አፍታተው። ይሁን እንጂ የማታቱ ሰው ጆሮ የሚሠራው በራሱ መንገድ ነው። ክራባት ያሰረና እስክሪብቶ የያዘ ሰው መኪና ሊያይ ይመጣል ከተባለ ቀሪው ወሬ አይሰማም፤ እጁ መፍቻ ይፈልጋል። የዓመቱ የቦሎ ምርመራ ሰሞን ሮንጋይን ያየ ያውቀዋል። መብራቱ ይነቀላል፣ ሞንታርቦው ይወርዳል፣ ሥዕሉ ላይ ነጭ ፕላስቲክ ይለጠፋል፤ ከተማው ባንድ ጊዜ ሙሽራ በሙሽራ ይሆናል። ምርመራው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ኃጢአቱ ይመለሳል። መርማሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ሁሉም እያወቀ ሁሉም ይከባበራል፤ አገር የሚኖረው እንዲህ ነው።

ረቡዕ ማታ ማማ የመዝሙር ልምምድ ላይ ሳሉ ሁለቱ ከቤቱ ጀርባ ኢያሪኮን ገፈፏት። በፍቅር ነው ያደረጉት፤ እግዚአብሔር ፍቅርን ይማር። ማማ ጠዋት ተነስተው በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ገቡ፤ ለእንግዳው በዘይት የሚጠበሰውን ጣፋጭ ዳቦ፣ ማንዳዚ ሊሠሩ። እኔ ደግሞ የማጋዲ መንገድ መጨናነቅ ይዞኝ ዘገየሁ። ስደርስ ገማቹ አቶ ሙቲንዳ ፎቶውን አንስቶ፣ ዋጋውን ጽፎ፣ ማኅተሙን መትቶ ጨርሷል። ፊቱ ያበራል።

"ኪሪንያ፣ ወንድሜ፣ ባርከኸኛል! እንዲህ ያለች ጨዋ መኪና ካየሁ ስንት ዘመኔ።"

ከፊቴ አምቡላንስ የመሰለች ነጭ አውቶቡስ ቆማለች።

ማማ ሻይና ማንዳዚ በትሪ ይዘው ከማድ ቤት ወጡ፤ መኪናዋን አይተው ቆሙ።

"መኪናዬስ?"

"ይቺው ናት ማማ!" አለ ኦዊቲ ደረቱን ነፍቶ። "አንዲት አምፖል ብናስቀር ምን አለ በሉኝ!"

"የት... የት አደረጋችሁት?"

"ዶሮ ቤት። በዚያ ማንም አይጠረጥርም።"

ማማ ትሪውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። አዋላጅ ሲቆጣ አይጮኽም፤ ድምፁን ነው ዝቅ የሚያደርገው። "ንዴግዋ፣ አንተ እንኳ ልጆች ወልደሃል። ጌጧን ሊያይ ነው የሚመጣው አላልኩህም?"

"ብለዋል ማማ" አለ ንዴግዋ፤ ምስኪን፣ ከልቡ ነበር። "ጌጧን ሊያይ ነው ስላሉን እኮ ነው የደበቅነው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን መሳቅና ማልቀስ እኩል ይመጡብኛል። ማማ ሁለቱን እየነዱ ዕቃውን ከዶሮ ቤት ማስወጣት ጀመሩ። አንዷ ዶሮ ሞንታርቦው ላይ ተኝታ አልነሳም አለች። ቴሌቪዥኖቹ በሳሩ ላይ ተደረደሩ። ሙቲንዳ ማንዳዚውን እየገመጠ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"እማማ፣ ይሄ የቤት ዕቃ ነው።"

"የመኪናዬ ነው!"

"መኪና ላይ ያልተገጠመ ነገር መኪና አይደለም። ለዚህ የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ይግቡ። ዶሮዎቹንም መጨመር ይቻላል፣ የግብርና ክፍል አለን።"

"አንተ ሰውዬ፣ ማን ነው የወለደህ?"

"እናቴ ናት፤ እዚያ ማቻኮስ ከተማ።"

"እድለኛ ነህ። እናትህን እኔ ባዋልድ ኖሮ ያኔውኑ አስተካክልህ ነበር።"

ለምኜ፣ ሻይ ጨምሬ፣ መልሰው ሲገጥሙ ዳግመኛ እንዲመጣ አስማማሁት። ለመንቀል አንድ ምሽት የበቃቸው ሰዎች ለመግጠም ሳምንት ፈጀባቸው። መኪናዋም ሳምንቱን ሙሉ የዶሮ ላባ ስትተፋ ከረመች።

ሙቲንዳ ሲመለስ ኢያሪኮ በሙሉ ክብሯ ጠበቀችው። ዙሪያዋን ዞረ። መብራቱን አይቶ "የእሳት ስጋት" ብሎ ጻፈ። ቴሌቪዥኖቹን አይቶ "ሌባ ይጠራል" አለ። ሞንታርቦው ሲከፈት የጎረቤት ውሾች አጥር ዘለሉ፤ እሱም "ከባድ ጭነት" ብሎ ጻፈ። መዘምራኑ ላይ ሲደርስ ትንሽ አሰበና "ለሽያጭ እንቅፋት" አለ። ማማ ከሥዕሉ ሥር ቆመው ነበር፤ መካከለኛዋ መነጽራም እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ የነጯንና ያጌጠችውን። የነጯ ግምት ይበልጣል። በየዓመቱ የሚከፈለው አረቦኗ ደግሞ ያንሳል።

ማማ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ አውልቀው ጠርገው እንደገና አነበቡ። "ተሳስተሃል ልጄ። ይሄን ሁሉ ጨምሬባት እንዴት ዋጋዋ ወረደ?"

"ነጭ አውቶቡስ ትምህርት ቤት ይገዛዋል፣ ሆስፒታል ይገዛዋል። ይቺን ማን ይገዛል? የጨመሩት ነገር በእኛ መጽሐፍ ዋጋ የለውም። ያለውን ነው የሚቀንሰው።"

"ሰው የሚሳፈረው እኮ ለሱ ብሎ ነው! ነጯን ፌርማታ ላይ ባቆማት የሚገባባት ዝንብ ነው።"

"እሱ ገቢ ነው እማማ። እኔ የምገምተው ዕቃ ነው።" ክፉ ሰው አይደለም ሙቲንዳ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የነጯ ወረቀት ማኅተም አላት። ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ አልዋሸሁም። ከወደዱ እሷን ይውሰዱ።"

እኔ አፌን ዘጋሁ። ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው ሲመክር ማን ያምነዋል?

ማማ የነጯን ወረቀት በጣታቸው ነኩ። "እሺ። ነጯን ይዤ ያጌጠችው ብትቃጠል፣ ትከፍላላችሁ?"

ሙቲንዳ ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"ንገረኝ እንጂ።"

"አይከፈልዎትም።"

"ስለዚህ አንደኛዋ ብዙ ጽፋ ምንም አትከፍልም። ሌላዋ ጥቂት ጽፋ ጥቂት ትከፍላለች።"

"እንደዚያ ነው።"

ማማ ኞካቢ ያጌጠችውን ወረቀት ስበው ፈረሙ። የአባታቸው መሬት ከነባሕር ዛፉ በዚያች ወረቀት ላይ "ለሽያጭ እንቅፋት" ተብሎ ሰፍሯል። አለቀሱ ብል በቁሜ ይቀብሩኛል፤ ስለዚህ አላለቀሱም። እስክሪብቶውን ሲመልሱልኝ ግን መነጽራቸውን እንደገና አውልቀው ጠረጉ። ብዙ ሰው አስፈርሜያለሁ፤ በሥራዬ ያፈርኩት ግን የዚያን ቀን ነው።

ወረቀቱ ተፈርሟልና ንዴግዋ ለመጀመሪያ ጉዞ ሞተሩን ማሞቅ ጀመረ። ሙቲንዳም ተሰናብቶ ወደ ፌርማታው ወጣ፤ መኪና ሲገምት የሚውል ሰው የራሱ መኪና የለውም። ማማና እኔ በሩ ላይ ቆመን እናየዋለን። አንዲት ጨዋ፣ ጸጥ ያለች፣ ግማሿ ባዶ የሆነች አውቶቡስ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ወያላዋ በቅናሽ ጠራው። ሙቲንዳ ሰዓቱን የሚያይ መሰለ። አለፈችው። ሌላ መጣች፤ እሷንም አሳለፈ፤ ባሳለፈ ቁጥር አንገቱን ወደ ማማ ግቢ ያሰግጋል።

ኢያሪኮ መሬቱን እያንቀጠቀጠች ከግቢ ስትወጣ ፌርማታው ላይ የቆመው ሁሉ ሮጠ። ሙቲንዳም ሮጠ። ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ክራባቱ ትከሻው ላይ ወጥቶ፣ ሁለት ተማሪዎችን በክርኑ ገፍቶ መስኮቱ ጋ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠ። መኪናዋ ሞልታ ገና ሳትነሳ ራሱን በዘፈኑ ልክ ይነቀንቅ ጀመር።

ኦዊቲ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ፦ "ማማ! ገማቹ ገብቷል፤ እንግዳ ነው ብዬ ልተወው ወይስ ሒሳብ ልቀበለው?"

ማማ ኞካቢ በጩኸቱ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ መዘምራን ሲመሩ እንኳ እንዲያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

"ተቀበለው እንጂ! ሳታጎድል! ቢያንስ አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉ ዋጋዋን ይክፈላት!"