«እንጃ ልጄ» ያሉኝ መድኃኒት አዋቂ

በደርግ ጊዜ ነው። ጎንደር የጤና ተማሪ ሳለሁ የአገሬውን መድኃኒት እንድንመዘግብ ወደ ኮላ ድባ ገጠር ተላክን። ለእኔ የደረሱኝ መድኃኒት አዋቂ፣ አያ ታፈረ፣ የቅጹን ጥያቄ ሁሉ «እንጃ ልጄ» እያሉ መለሱልኝ። መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል እንደሚባል ማን ነግሮኝ! ማንበብ የሚችሉ ስላልመሰለኝ፣ ተናድጄ እፊታቸው «እውቀት የላቸውም» ብዬ ጻፍኩና ተነሣሁ።

ከደጃፋቸው ሳልርቅ ጊንጥ እግሬን ነደፈኝ። ጩኸቴን ሰምተው መጡና «ፊትህን አዙር» አሉኝ፤ ከአጥሩ ሥር የቀጠፉትን ቅጠል አሽተው ጨመቁልኝ። ወዲያው ሕመሙ በረደልኝ።

ብዕሬን መዝዤ፣ «አያ፣ ቅጠሉ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ‹እውቀት የላቸውም› ብለህ ጽፈህ የለም እንዴ? ያን የመሰለ ሸጋ ጽሕፈት አታበላሸው» አሉኝ።