ሦስት ካሜራና አንድ ፊሽካ

ጥር ሃያ ሦስት ነበር፤ ቅዳሜ። ነበር ወይ? መሸሻ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና ግንባሩን ያካል። ጥምቀት አልፎ ነበር። ቅዳሜ መሆኑም አያጠራጥርም፤ የግቢው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቀኑ ግን ሃያ ሦስት ይሁን ሃያ አራት፣ እንጃ። የግቢው ካሜራ ያነሳው ቪዲዮ ይነግረን የለም እንዴ እንዳይባል፣ ቪዲዮው ላይ የተጻፈው በፈረንጆች ጥር አንድ ቀን ሁለት ሺህ ነው። ያኔ እንኳን ኮንዶሚኒየሙ የመሠረቱ ድንጋይም አልነበረም፤ መሸሻም ጸጉሩ ጥቁር፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ተሸካሚ ነበር። ስለዚህ ቪዲዮውን የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያየው አንድ ሽማግሌ ገና ባልተሠራ ግቢ ውስጥ ሌባ ሲያሳድድ ነው።

ግቢው ዓለም ባንክ ሰፈር ነው፤ ሁለት ብሎክ፣ አንድ በር። መሸሻ በዚያ በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሟል። የትኛው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ የትኛው ልጅ ቁልፍ ጥሎ እንደሚመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ያውቃል። አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ እጁ ላይ ዱላ አይጠፋም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ከበሩ ሌላ ቤት ያለው አይመስልም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሦስት መኪና ላይ ስፖኪዮ ተነቀለ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ኮሚቴው ተሰበሰበና ወሰነ። ካሜራ ይገባል፤ ካሜራው ሥራ ሲጀምር ዘበኛው ጋቢ ተገዝቶለት በክብር ይሰናበታል። ይህን ሊነግሩት የመጡት ሰብሳቢው አቶ ወልደ አማኑኤል ራሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ስለሆኑ ሲናገሩ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

«ምን ይደረግ አቶ መሸሻ፣ ጊዜው ነው። ካሜራ አይተኛም።»

«ደግ ነው» አለ መሸሻ። «ጋቢው ግን ወፍራም ይሁንልኝ። ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ መተኛቴ ነው።»

አቶ ወልደ አማኑኤል ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

እናም ያ ቅዳሜ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ አንድ ታክሲ በሩ ላይ ቆመና ከጣራው ላይ መሰላል ወረደ፤ ከመሰላሉ ኋላ አንዲት ሴት። ዮዲ ትባላለች፤ አየር ጤና ሰፈር ካሜራ የምትሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻት፤ የምትገጥመውም ራሷ ናት። ሠላሳ ቢሆናት ነው። እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ፣ መሰላሉን እንደ ዣንጥላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። መሸሻ ከሥራው ለምታስወጣው ሴት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት፤ መሰላሉንም በአንድ ወገን ያዘላት።

ኮሚቴው ወይዘሮ ጫልቱ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃል። ወይዘሮ ጫልቱ ምድር ቤት ላይ ስኳርና ሳሙና የሚሸጡ፣ ሳቃቸው ሁለተኛው ብሎክ ድረስ የሚሰማ የኮሚቴው አባል ናቸው። ባንክ ቤት የሚሠራው ሌላው አባል ሮቤራ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ ዝርዝር ያነባል፤ ከተነቀሉት ስፖኪዮዎች አንዱ የሱ ነበር፣ ቁስሉ ገና አልዳነም።

«ስምንት ካሜራ» አለ ሮቤራ። «ሁሉም ጣራ ላይ። ግቢውን በሙሉ ከላይ ቁልጭ አድርጎ እንዲያይ።»

«ጣራ ላይ?» አለች ዮዲ። «ምን ልታሳድድበት ነው፣ እርግብ?»

ወይዘሮ ጫልቱ በሳቅ ፈነዱ። ሮቤራ ፊቱ ቀላ። ዮዲ ግን በዚያ አልተወችውም፤ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ታች የቆሙትን በስልኩ እንዲያነሳቸው ላከችው። ሲመለስ ፎቶውን አጉልታ አሳየችው።

«ይሄ ማነው?»

«ኮፍያ ነው።»

«የማን ኮፍያ?»

«እኔ እንጃ... የጋሽ መሸሻ ይመስለኛል።»

«አየር ጤና አደባባይ ብቻ ስንት እንዲህ ያለ ኮፍያ አለ መሰለህ? ፖሊስ ኮፍያ አያስርም ወንድሜ፤ ፊት ስጠው። ከሰው ራስ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሦስት ካሜራ ከገባ፣ ጣራ ላይ ከሚሰቀል ስምንት ይሻልሃል።» ከዚያ ወደ ሁሉም ዞረች። «ለመሆኑ የፈራችሁት ምንድን ነው?»

«ሁሉንም» አሉ አቶ ወልደ አማኑኤል።

«ለሁሉም የሚሆን ካሜራ እኔ ጋ የለም ጋሼ።»

«ስፖኪዮ ነው፣ ስፖኪዮ!» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ።

«እሺ፣ እሱን እንይዘዋለን። ይህን ግቢ በደንብ የሚያውቀው ማነው?»

አንድ በአንድ ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ። ዮዲ መጥታ መሸሻ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ሌባ ቢሆኑ በየት በኩል ይገባሉ?»

«እኔ? ሌባ?»

«ለዛሬ ብቻ።»

መሸሻ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «አልተኛህም ወይ» ያለው ሰው ብዙ ነው፤ «ምን ታውቃለህ» ያለው ግን ይህች ልጅ የመጀመሪያዋ ናት። ነገሩም ወዲያው ገባው። ቀዳዳውን ሁሉ ካሳያት ካሜራው ቦታውን ይይዛል፤ ካሜራው ቦታውን ከያዘ እሱ ቦታ የለውም። «በበሩ ነዋ» ብሎ ቢያልፍ ማንም አያውቅበትም። ይህን እያሰበ ካፖርቱን አውልቆ ዱላው ላይ አንጠለጠለና «ነይ እስቲ ልጄ» አለ።

መጀመሪያ የውሃው ሮቶ ወደተቀመጠበት ወሰዳት፤ ከኋላው አጥሩ ዝቅ ይላል፣ ድመት እንኳ ሳትዘል ትገባለች። ከዚያ ወደ ልብስ ማስጫው። «አንሶላ ሲሰጣ ከዚህ እስከ መኪናዎቹ ድረስ አንድ ሰው ሳይታይ ይሄዳል።» ዮዲ እርሳሷን ከጸጉሯ አውጥታ ጻፈች።

«ማስጫው ይነሳ» አለች። «አንሶላው እያለ ማስጠንቀቂያ ብናስገባ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሌባ መጣ እያለ ስልካችሁ ላይ ይጮኻል። ሳምንት ትታገሱና ታጠፉታላችሁ፤ እውነተኛው ሌባ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።»

«አንሶላዬ ሌባ ተባለ!» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ። «አጥቤ አጥቤ!»

በመጨረሻ በሩ ላይ አቆማት። «አሥር ሰዓት ሲሆን» አለ መሸሻ «ፀሐይዋ ከበሩ ጀርባ ናት። የሚገባውን ሰው መልክ እኔም አላይም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ወደ ጎን ዞር ብዬ ነው የምቆመው።»

ዮዲ ስልኳን አንስታ አየችበት። በሩ ላይ የቆመው ሮቤራ ጥቁር ጥላ ሆኗል። «ካሜራውም እርስዎ እንደሚቆሙት ይቆማል» አለችና ከጎኑ ያለው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱን ካሜራዎች ለሙከራ ሰቀለቻቸው። መኪናዎቹ አጠገብ ሰው ሲያልፍ የሚያውቅ ትንሽ መሣሪያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቀይ ጡሩምባ። የኮሚቴውን ሦስት ስልክ አገናኘች።

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ።

«ባትሪ አለው።»

«ኔትወርክ ሲጠፋስ?»

«ያኔ ጡሩምባው ብቻ ነው የሚጮኸው። የሚሰማ ሰው ካለ።» ወደ መሸሻ ዞረች። «በሉ ጋሼ፣ የሮቤራን ስፖኪዮ ይስረቁ።»

ሰዉ በረንዳ ላይ ወጣ። «ጋሽ መሸሻ፣ የኔንም ጎማ አይርሱ!» አለ አንዱ። «ቀስ! ወገብህን!» አለ ሌላው። መሸሻ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ ሮቶው ኋላ ተደበቀ። ራሱ ላይ ሳቁ መጣበት። ሌባ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ሲጠብቅ፣ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ፣ ጡሩምባው ግቢውን በጩኸት ሞላው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መሸሻ አያስታውሰውም፤ ያየው በቪዲዮ ነው። ከሮቶው ኋላ እንደ ጎረምሳ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው። ዱላውን ይመዛል፤ ካፖርቱ መሬት ይወድቃል። መኪናዎቹ መሃል ገብቶ «ማነህ! ቁም! ቁም ብያለሁ!» ይላል። በሮቤራ መኪና ሥር ጎንበስ ብሎ ያያል። ይዞራል። እንደገና ይዞራል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆምና፣ ፊሽካውን ከአፉ ያወጣና፣ ቀስ ብሎ ራሱን ይመለከታል።

ግቢው በሳቅ ተናወጠ።

«ስልካችሁ አልጮኸም?» አለች ዮዲ ኮሚቴውን።

የአቶ ወልደ አማኑኤል ስልክ ቤት ቻርጅ ላይ ነው። ሮቤራ ድምፁን አጥፍቶ ቪዲዮ ሊያነሳ በረንዳ ላይ ወጥቶ ነበር። ወይዘሮ ጫልቱ ስኳር እየመዘኑ «ደግሞ የማን መኪና ነው የሚያላዝነው» ብለው መመዘናቸውን ቀጥለዋል።

«ከሁላችሁ ቀድሞ የደረሰው ሌባው ነው» አለች ዮዲ ሰዓቷን እያየች። «በስምንት ሰከንድ።»

ቪዲዮውን ወይዘሮ ጫልቱ ሱቅ ባለው ቴሌቪዥን ላይ አዩት። ደግመው አዩት። በአምስተኛው ላይ አቶ ወልደ አማኑኤል መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ መሸሻ ዞሩ።

«ካሜራ አይተኛም ብዬህ ነበር፣ አቶ መሸሻ።»

«አይተኛም ጋሼ» አለች ዮዲ ሽቦዋን እየጠቀለለች። «አይነሳምም።»

ኮሚቴው እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ወሰነ። ካሜራው ሦስት ይሁን፤ ከስምንቱ በተረፈው ገንዘብ ተጨማሪ ባትሪ ይገዛ። የካሜራዎቹ ስክሪንና ጡሩምባው በሩ አጠገብ ያለው የመሸሻ ክፍል ይግቡ፤ እሱም ባለበት ይቆይ። በማግስቱ ሮቤራ አጠቃቀሙን ሊያስተምረው ቃል ገባ፤ የካሜራውንም ቀንና ሰዓት ሊያስተካክል።

«ጋቢውስ?» አለ መሸሻ።

«ጋቢውማ ይገዛል!» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ። «ያውም ወፍራም!»

መሸሻ የዮዲን መሰላል ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኛት። ደስታው እግሩን አቅልሎት፣ ሽበቱንም ያስረሳው ይመስላል። ግማሽ መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር አሰበና ርምጃው ቀነሰ። ያ ትንሽ መሣሪያ መኪናዎቹ አጠገብ ነበር። እሱ ደግሞ ሮቶው ኋላ፣ ሠላሳ እርምጃ ርቆ። በመካከል ያለፈ ሰው የለም፤ ድመት እንኳ። ታዲያ ጡሩምባው በምን ጮኸ? ዮዲ ያን ጊዜ ሱቁ ጥግ ቆማ ነበር፣ አንድ እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከታ። አሁንም ኪሷ ውስጥ ነው። ቁልፍ የምታህል፣ ሪሞት የምትመስል ነገር ስትነካካ ይታየዋል።

«ልጄ...» አለ።

«አየር ጤና! አየር ጤና፣ ሁለት ሰው!» የደረሰው ታክሲ ረዳት መሰላሉን ከመሸሻ ትከሻ ላይ መንትፎ ጣራ ላይ አወጣው። ዮዲ ጎንበስ ብላ መሸሻን ጉንጩን ሳመችው፤ እርሳሷ ኮፍያውን ነካው።

«ልጄ፣ ያ ጡሩምባ...»

የታክሲው በር ተዘጋ። በመስኮት እጇን ስታወዛውዝ አያት፤ እየሳቀች ነበር። ታክሲው አቧራውን አስነስቶ ወደ አየር ጤና ወረደ።