ዘጠነኛው ደቂቃ

የፍርድ ቤቱ ሰዎች «ጋሽ ጆሮ» ይሉታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ለዚያ ፊት ትንሽ ነው። ሥራው መስማት ስለሆነ ነው። ችሎት ውስጥ የተቀዳው ድምፅ ሁሉ ወደ እሱ ይወርዳል፣ እሱ ሄድፎኑን ይደፋና ቃል በቃል እየሰማ ወደ ጽሑፍ ይገለብጠዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አልሠራም። ላይ ቤት ዳኛ በዳኛ ሲተካና ጠበቃ ሲሸብት፣ እሱ ምድር ቤት መስኮት በሌላት ክፍል ተቀምጦ የሰው ንትርክ ሲሰማ ኖሯል።

በሥራው ሁለት ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም። ሰው ተናግሮ ድምፁ ካልተለየ በቅንፍ «አይሰማም» ተብሎ ይጻፋል። ሰው ተጠይቆ ዝም ካለ ደግሞ በቅንፍ «መልስ የለም» ይባላል። አዲስ ጸሐፊ በተቀጠረ ቁጥር የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። «አይሰማም የመሣሪያ ጥፋት ነው፣ መልስ የለም ግን የሰው ነው። ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው እኔ ጋ አይሠራም» ይላቸዋል። አንዷ ጸሐፊ በዚህ ምክንያት አልቅሳ ወጥታለች ይባላል። እሱ ግን አላለቀሰችም ባይ ነው፤ አለቀሰች የሚል መዝገብ የለምና።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። መዝገብ ላይ የሌለ ነገር ለእሱ አልሆነም።

ሚስቱ ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏል። አልሞተችም፣ አልተፋቱም፣ ተጣሉም አይባልም። ሴት ልጃቸው ሩቅ ከተማ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናት ለሁለት ወር ልታግዝ ሄደች። ሁለቱ ወር ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ ዓመት ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ሁለቱም ተዉት። በስልክ ይገናኛሉ። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ። ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ። ልጁ ጥርስ አወጣ።» «ጎሽ።» ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

የሚቆረቁረው መሄዷ አይደለም፣ አካሄዷ ነው። ሰሚ ባገኘ ቁጥር ያንኑ ያወራል። «አንድ ቀን እንኳ ‹ና፣ አብረን እንሂድ› አላለችኝም። ሻንጣዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች፣ ቻው አለች፣ እኔም እጄን አነሳሁ፣ በቃ! የሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ነው የሚሸኘው?» ሴት ልጁ አንድ ጊዜ በስልክ «አባዬ፣ ጠይቄው ነበር ትላለች እኮ» ብትለው ፈጥኖ «መዝገብ ላይ የለም» አላት። ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ጉዳዩን አንስታበት አታውቅም።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋ ዛሬም ሳሎኑ መሃል ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። የእሱ ጠረጴዛ ግድግዳውን ታኮ ስለተቀመጠ፣ ሲሠራ ጀርባው ለስፌት መኪናው ነው። የቢሮውን ሥራ ቤት ድረስ ይዞ መምጣት ልማዱ ነው። ሥራ በሌለም ቀን ሄድፎኑን ይደፋል፤ ምንም ሳይከፍትበት፣ እንዲሁ ጆሮው ላይ አድርጎት ይቀመጣል። ያለ እሱ ቤቱ ባዶነቱ ይጎላበታል።

ነገሩ የተጀመረው በዚያ ሄድፎን ነው። ከኮምፒዩተሩ በሚወጣው ድምፅ ስር ሁልጊዜ ሽሽሽ የሚል ነገር አለ፣ እንደሚጠበስ ዘይት። ሄድፎን ሁለት ጊዜ ቀየረ፣ ሽሽታው ግን አልለቅ አለው። በመጨረሻ ሠፈሩ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ወደሚጠግነው ሰውዬ ሄደ። ይህን ሰው ሠፈሩ «ቮልቴጅ» ይለዋል፤ ሲናገር እጁም ቅንድቡም አብሮ ስለሚነሳ ነው።

«ጋሼ፣ ሄድፎንህ ምን አደረገህ?» አለው ቮልቴጅ። «ጥፋቱ ወዲህ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። አንተ ደግሞ በጆሮህ ቁጥር አትሰማም። ስለዚህ መሃል ላይ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚቀይር አለ። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የላችሁም?»

«አለን እንጂ።»

«እሱን በለው። ያንተ አስተርጓሚ ኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ተወትፎ፣ በየት በኩል የመጣ ጩኸት ሁሉ እየገባበት፣ የሰማውን ግማሹን ይውጠዋል። ይቺ ደግሞ» አለና ከመሳቢያው የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ሣጥን አወጣ፣ «ለብቻዋ ናት። አትጨምርም፣ አትቀንስም።»

አትጨምርም፣ አትቀንስም የሚለው ቃል የጋሽ ጆሮን ልብ ወሰደው። እሱም ስለ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ምሳውን እንደነገሩ አድርጎ፣ ከቮልቴጅ የገዛትን ጥቁር ሣጥን በገመዷ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘ። አንዲት ሰማያዊ መብራት በራች። ሄድፎኑን ሰክቶባት ደፋ፤ ምንም አይሰማም። ተበላሸች ብሎ ገመዱን ሊነቅል ሲል ነው ነገሩ የገባው፤ ሽሽታው የለም። ስንት ዓመት አብሮት የኖረ ጩኸት ድንገት ሲጠፋ፣ ሰው ከክፍሉ የወጣ መሰለው።

መጀመሪያ የከፈተው በወጣትነቱ የሚወደውን አንድ የፍቅር ዘፈን ነበር። ዘፈኑን ከነትንፋሹ አውቀዋለሁ ብሎ ሊምል ይችል ነበር፤ ለካ ትንፋሹን ሰምቶት አያውቅም። ዘፋኟ ከመጀመሪያው ስንኝ በፊት ከንፈሯን ስታላቅቅ ተሰማው። ጊታር መቺው ጣቱን ከክር ወደ ክር ሲያዛውር ጭርጭር ይላል። ከሁሉም ጀርባ፣ በቀኝ በኩል፣ አንድ ሰው በእግሩ ወለሉን እየመታ የዘፈኑን ምት ይጠብቃል፤ ጫማው የላላ ነው። ድሮ አንድ ላይ ተለንቅጦ ይመጣ የነበረው ሙዚቃ ውስጥ አሁን እያንዳንዱ ሰው ቦታ ቦታውን ይዞ ቆሟል፣ በመሃላቸው ማለፍ ይቻላል።

ደስታው አላስቀምጥ አለው። የሥራ ፋይል ከፈተ፣ ከትናንት ወዲያ የጨረሰውን። ዳኛው እስክሪብቷቸውን ሲከድኑ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ በየዙሩ አንድ ጊዜ ሲያንቋርር፣ ምስክሩ ከመዋሸቱ በፊት ምራቁን ሲውጥ፣ ሁሉም ተሰማው። አንዱ ጠበቃ ለደንበኛው «በቃ፣ አሁን ዝም በል» ብሎ ሲያንሾካሹክ አገኘ። እሱ እዚያ ቦታ ላይ «አይሰማም» ብሎ ነበር። ሳቁ መጣና ሄድፎኑን በአንድ በኩል ገለጥ አድርጎ ወደ ኋላው ዞረ።

«ነይ ስሚ እስቲ ይቺን!» አለ።

ጨርቅ የለበሰው ስፌት መኪና ቆሟል። ጋሽ ጆሮ እጁ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። ለማንም አይናገር እንጂ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም። ዞሮ ተቀመጠ፣ እና በየቅዳሜው የሚሰማትን ፋይል ከፈተ።

ያቺ ፋይል የሚስቱ ድምፅ ናት። ልጅቷ እርጉዝ ሳለች «እማዬ፣ ሕፃን እንዴት እንደሚታጠብ ንገሪኝ፣ እፈራለሁ» ብትላት፣ እናትየው የባሏን የሥራ መቅጃ ተውሳ ስፌት መኪናዋ ላይ አስቀምጣ አሥራ አራት ደቂቃ ተናገረች። እሱ ያኔ እንደልማዱ ሄድፎኑን ደፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የአንድ የመሬት ክርክር ይገለብጥ ነበር። በማግስቱ የሚስቱንም ቃል ከነመስመር ቁጥሩ ገልብጦ ለልጁ ላከ። «አባዬ፣ እናቴን ችሎት አቀረብካት እንዴ?» ብላ ስቃበት ነበር። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ቅንፍ ነበረችበት፦ «አይሰማም»።

ከፈታት። አሁን ሚስቱ እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። «ውሃውን በክርንሽ ሞክሪው፣ ልጄ፣ በእጅሽ አይደለም። እጅ ሥራ የለመደ ነው፣ ይዋሻል።» ቀለበቷ የስፌት መኪናውን ብረት ሲነካ ይሰማል። ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ አለ፤ ያንን በአሮጌው መሣሪያ ሰምቶት አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። «አንገቱን ሳትለቂ፣ ቀስ ብለሽ…» አለችና ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ደረሰች።

ድምፅዋ ከመቅጃው ዞረ። ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ዝቅ ብላ ተናገረች። ድሮ ሽሽታው ይውጠው የነበረው ይህን ነው። አሁን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ወጣ።

«አንተ… አብረኸኝ ብትሄድስ? ብቻዬን መሄድ አልፈልግም እኮ።»

ከዚያ የኪቦርድ ድምፅ መጣ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ የለመደ እጅ፣ ፈጣን፣ አንድም ቦታ ሳይቆም። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ሚስቱ ትጠብቃለች፤ ትንፋሿ ይሰማል። ኪቦርዱ አልቆመም። ከፋይሉ ስር ያለችውን ሰዓት አየ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና «እና ልጄ፣ ፎጣውን አስቀድመሽ አዘጋጂ» ብላ ቀጠለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚች ቦታ ላይ ውሃ የጠጣች ይመስለው ነበር።

ፋይሉን ወደ ኋላ መለሰው። ደግሞ ሰማው፤ ደግሞ ደገመው። ቮልቴጅ እንዳለው ነው፣ ሣጥኗ አትጨምርም፣ አትቀንስም።

የድሮውን ግልባጭ ፈልጎ ከፈተ። «አይሰማም» የሚለውን አጠፋና በቦታው የሚስቱን ጥያቄ ቃል በቃል ጻፈ። ከስሩ ባዶ መስመር ቀረ። ያንን መስመር በምን እንደሚሞላው ስንት ሰው አስተምሯል፣ አንዷንም አስለቅሶባታል። ራሱም ጻፈው። በቅንፍ፦ «መልስ የለም»።

ስልኩን አነሳ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

«ደህና ነህ? በዚህ ሰዓት?» አለች። ከኋላዋ ልጁ ይንጫጫል፣ ውሃ ይወርዳል።

«ሰማሁሽ» አላት።

«ምን አልክ?»

«የጠየቅሽኝን። አብረኸኝ ብትሄድስ ያልሽኝን። አሁን ነው የሰማሁት።»

«ሦስት ጊዜ ነው የጠየቅሁህ» አለች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «የትኛውን ነው የሰማኸው?»

ጋሽ ጆሮ ወደ ኮምፒዩተሩ አየ። «መቅጃው ላይ ያለውን» አለ።

«እሱ መጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ልብስ ሳጥፍ ጠየቅሁህ። ሦስተኛውን በሩ ላይ ቆሜ፣ ሻንጣዬን ይዤ። ሳትዞር እጅህን አነሳህ። ቆይ ያልከኝ መስሎኝ ቆየሁ። ታክሲው ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ ቆሜ ነበር።»

ያቺን እጅ ያስታውሳታል። ለስንቱ አውርቷታል! ሄድፎኑ አንገቱ ላይ ነበር፤ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አሁን ብመጣስ?» አላት።

ልጁ በውሃው ይጫወታል፣ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። አልሰማችም እንዳይል ስልኩ ጥርት ያለ ነው።

«ቆይ» አለች ሚስቱ በመጨረሻ። «ልጁን እያጠብኩት ነው፣ እጄ ውሃ ነው።» ስልኩን የሆነ ቦታ ላይ ስታስቀምጠው ቋ አለ።

«እሺ፣ እቆያለሁ» አለ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ያለ ይመስል ጮክ ብሎ። ሰምታው ይሁን አይሁን አላወቀም። ወንበሩን ከግድግዳው መልሶ ወደ ስፌት መኪናው አዞረ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየ። አሥራ አንዱ ሰከንድ አለፈ፣ ደቂቃም አለፈ። ወዲያ ማዶ ውሃው ይወርዳል።